ግራ ጆሮዬ ያጠመመው መስመር

ዝም የሚል ሰው ያስባል ይባላል። ይህን ያለው ሰው ራሱ ለፍላፊ ሳይሆን አይቀርም፤ አንድ ቀን እንኳ ዝም ብሎ ቢያየው ኖሮ እንዲህ አይልም ነበር። እኔ በዕድሜዬ ዝም ያልኩባቸውን ሰዓታት አብዛኛዎቹን ያሳለፍኳቸው ምንም ሳላስብ ነው፤ የቀሩትን ስለ ምሳ በማሰብ። ነገር ግን ፊቴ ከልጅነቴ ጀምሮ የተቋጠረ ነው። ቅንድቤ ወፍራም፣ ግንባሬ የታረሰ። እንዲህ ያለ ፊት ይዞ ዝም ያለ ሰው ሳይወድ በግድ አስተዋይ ይባላል። የደረቀ ጉድጓድም እኮ ጎንበስ ብሎ ላላየው ሰው ውሃ ያለው ይመስላል።

እናንተም ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። በየዕድሩና በየሰንበቴው አንድ አለ። ሌላው ሁሉ ተንጫጭቶ ሲያበቃ ዞሮ እሱን ያየዋል። እሱም «ይሁን» ይላል። ነገሩ ተፈጸመ። ሰው «ምን ያለ አርቆ አሳቢ ነው» እያለ ይበተናል። ሰውዬው ግን «ይሁን» ያለው ብርድ ስለመታው ሊሆን ይችላል። የኛን የመንዝን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ከሽምግልናችን ግማሹን የሚፈጽመው እሱ ነው።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይላሉ አበው። እውነት ነው። አንዴ የገባ ዝንብ ግን መውጫ የለውም።

እኔ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ስሜ ሸንቁጤ ይባላል፤ ገብስ አርሼ በግ አርብቼ የምኖር ሰው ነኝ። ሰዉ ጋሽ ሸንቁጤ ይለኛል። ሥራዬ ደግሞ፣ ከእርሻው ሌላ፣ ቀጥ ብሎ መሄድ ነበር። አትሳቁ፣ ሥራ ነው።

ጓሳ የሚባለው የሣር ሜዳ የጋራችን ነው። ሣሩ የቤታችን ክዳን ነው፣ ያለ እሱ ጣሪያ የለም። ለዓመታት ይከለከልና ሲጎመራ ይፈቀዳል። በሚፈቀድበት ዓመት የላይ ቀዬና የታች ቀዬ ሰው ድርሻ ድርሻውን እንዲያጭድ በመካከል መስመር ይወጣል። መስመሩን የሚያወጣው ገመድ አይደለም፣ ሰው ነው። ከምሥራቅ ካለው ነጭ ድንጋይ ተነስቶ ከማዶ ሸንተረሩ ላይ የቆመውን ጅብራ እያየ፣ ግራ ቀኝ ሳይል ይሄዳል። ጅብራን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከሩቅ ሲያዩት ሰው የሚመስል ረጅም የደጋ ተክል ነው። «እንደ ጅብራ ተገተረ» የሚባለው ከዚህ ነው። ስለ እኔም ይባላል፤ የምትለው ሚስቴ ናት።

ሂያጁ ከላይ ቀዬ ከሆነ፣ ከኋላው እየተከተለ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቀጥ ማለቱን የሚያየው አስተካካይ ከታች ቀዬ ይሆናል። ከሁለቱ ኋላ የሁለቱም ቀዬ ሰው ችካል እየተከለ ይከተላል። አባቶቻችን ይህን ሲያደርጉ እንዳንጠራጠር ብለው አይደለም፤ ተጠራጥረን እንዳንፈናከት ብለው ነው። ታዲያ አንዴ የተተከለ ችካል የተገዘተ ነው፤ ማንም አይነካውም። ሊነቅለው የሚችለው ራሱ መስመሩን የሄደው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሣሩ ሳይፈቀድ በሰው ፊት «ተሳስቻለሁ» ካለ። በአባቴም በአያቴም ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው አልተሰማም። ወይ የተሳሳተ የለም፣ ወይ የተናገረ የለም። እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል።

ነገሩ የጀመረው በግራ ጆሮዬ ነው። በመጀመሪያ እንደ ንብ ቀፎ ይጮህ ነበር። ቀጥሎ መስማት አቆመ። ሚስቴ የሺ ልዩነቱን አላወቀችም፤ ድሮም ጠርታኝ አልመልስላትም። ከዚያ አንድ ጠዋት ከበረት ስመለስ የቤቴ ግድግዳ ከቦታው ተነስቶ ተቀበለኝ። ግድግዳው ከድንጋይ ነው፤ አቀባበሉም የድንጋይ ነበር። የሺ ወጥታ አየችኝ፣ ቀረብ አለችና አፌን አሸተተችው።

«አንቱ፣ የት ጠጡ?» አለችኝ።

በሰንበቴ ላይ የሰከረ ሰው ሲገኝ እኔ ነኝ የምገሥጸው። ካገባሁ ወዲህ ጠላ እንኳ የምቀምሰው ለበረከት ያህል ነው። እንግዲህ ምን ልበላት? ብናገር ታምነኛለች፤ ግን መናገር አለብኝ። ዝም አልኩ። እሷም ዝም ማለቴን የጥፋተኛ ዝምታ አድርጋ ወሰደችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት ስወጣ የጎረቤቱን ሁሉ አጥር በእጄ እየዳሰስኩ መሄድ ጀመርኩ። ሰዉ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጋሽ ሸንቁጤ ቤታችንን እየዞረ ይመርቅልናል።»

መስመር የሚወጣበት ቀን ደረሰ። ሰማዩ ጠርቷል፣ ጭጋጉ ከገደሉ ወርዷል። ነጩ ድንጋይ አጠገብ ቆሜ ጅብራውን አየሁና መራመድ ጀመርኩ። ከኋላዬ አስተካካዩ ውቤ አለ። ውቤ የታች ቀዬ አፈ ጉባኤ ነው፣ ሲተኛ እንኳ ይናገራል ይባላል፤ በመስመር ላይ ግን ጥፋት ካላየ በቀር ደንብ ነውና ዝም ይላል። ከሱ ኋላ አርባ ያህል ሰው። መቶ እርምጃ ያህል እንደሄድኩ ግራ ጆሮዬ ጮኸ። ምድር ከእግሬ ሥር እንደ ወፍጮ ድንጋይ ቀስ ብላ መዞር ጀመረች። ጅብራው ወደ ግራ ሸሸ። ተከተልኩት። ደግሞ ሸሸ። ደግሞ ተከተልኩት።

እዚህ ላይ ፍረዱኝ። ብወድቅ ሰከረ ይሉኛል። ብቀመጥ አረጀ ይሉኛል። «አዞረኝ» ብል ደግሞ ለካ እንደኛው ሰው ነው ይሉኛል። ከሦስቱ አብልጬ የፈራሁት የመጨረሻውን ነው።

ስለዚህ ሄድኩ። ሣር ሲነጭ የዋለ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ነበር፤ በየጊዜው ስናልፍ በስተግራችን ርቆ ነበር የምናየው። በዚያ ቀን መካከሉ ገባን። አንድ ጎፈሬያም ወንድ ከመንገዴ ሳይነሳ ቆመና የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አሳየኝ። ከዚያ ሁሉ ፍጡር መካከል «ወዴት ነው የምትሄደው?» ብሎ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው።

በመጨረሻ አንድ ጅብራ እጄ ገባ። እንደ ዘመድ አቀፍኩት። «ይኸው» አልኩ። አርባው ሰው የመጨረሻውን ችካል ተከለ። ማንም ትንፍሽ አላለም።

በማግስቱ ምድር ስትረጋልኝ ኮረብታው ላይ ወጥቼ አየሁ። የወጣው መስመር ሳይሆን ማጭድ ነው። ያቀፍኩት ጅብራም ያ ሽማግሌው ጅብራ አይደለም፤ ከሱ ሁለት የወንጭፍ ውርወራ የሚርቅ፣ ገና ያልጠና ጅብራ ነው። በመካከል የቀረው ሣር፣ የኛ የላይ ቀዬዎቹ ሣር፣ ለታች ቀዬ ሄዷል። ለውስጣችን ዕጣ ስናወጣ ደግሞ በዚያ ጫፍ ያለው ድርሻ የደረሰው ለእትዬ አልጣሽ ነበር። እትዬ አልጣሽ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከኔ በዕድሜ የሚበልጡ ሴት ናቸው። ጣሪያቸው አርጅቶ፣ ዝናብ ሲጥል ውጭው ቶሎ ያባራል፣ ቤታቸው ውስጥ ግን እስከ ማግስቱ ይዘንባል። ይህን ሣር ስንት ዓመት ጠብቀውታል። ለመፈቀዱ ሦስት ሳምንት ቀርቷል። ችካሉን ከኔ በቀር ማንም አይነቅለውም። እኔም ለመንቀል መናገር አለብኝ።

አገሩ ግን እኔን ከመጠየቅ ይልቅ ምክንያት ፈልጎልኝ ቆየ። አንዱ ረግረጉን ሸሽቶ ነው አለ። ሌላው የለም፣ የጥንቱን ድንበር ያውቅ ኖሯል አለ። ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ተጠየቁና አዎ፣ በልጅነቴ መስመሩ እንዲህ ነበር ብለው በእጃቸው አሳዩ። እጃቸው ድሮ ተሰብሮ ታጥፎ የቀረ ነው። የታች ቀዬ ሰዎች በሁለት እጅ ይጨብጡኝ ጀመር። እትዬ አልጣሽ ብቻ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አየት አደረጉኝና «እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ። ይህ በኛ አገር አንተም ታውቃለህ ማለት ነው።

ከዚህ ጣጣ ያወጣችኝ ልጄ አስካለ ናት። መሐል ሜዳ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ከልጆቼ ሁሉ ፊቴን የማትፈራ እሷ ናት። ልትጠይቀን መጥታ አጥር ስዳስስ አገኘችኝና እናቷን ጠየቀቻት። የሺም ድምጿን ዝቅ አድርጋ በስተርጅና መጠጥ እንደጀመርኩ ነገረቻት። አስካለ በግራዬ ዞራ አንድ ነገር ተናገረች፤ አልሰማኋትም። በቀኜ መጣችና ደገመችው። «አባዬ፣ የተናገርኩት ስድብ ነበር፤ አልሰሙም። ነገ ደብረ ብርሃን እንሄዳለን።» ስድቡ ምን እንደነበር እስከዛሬ አልነገረችኝም።

ሐኪሙ ለጋ ወጣት ነው። ምን እንዳመመኝ ጠየቀኝ። ምንም አልኩት። ታዲያ ለምን መጡ አለኝ። ምድር እየዞረች ነው አልኩት። እሱም አልሳቀም። አስካለ የቀረውን ሁሉ ዘከዘከችለት፤ የጆሮዬን ጩኸት፣ የግድግዳውን፣ በየጠዋቱ የጣቶቼ መገጣጠሚያ አብጦ ሞፈር መያዝ እስኪያቅተኝ መቸገሬን ሳይቀር። እኔ እሱን የውርጭ ነው ብዬ ትቼው ነበር። ሐኪሙ ግን ለጣቴ ከጆሮዬ ይልቅ ጆሮ ሰጠው። ዓይኔን ገልጦ አየ፣ ቆዳዬን አየ፣ ደም አስቀዳ፣ በጠባብ ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ጲጲ የሚል ነገር አሰማኝ። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ባለሁበት እንድረግጥ አዘዘኝ። ረገጥኩ። አንድም ጋት ከቦታዬ የተነቃነቅሁ አልመሰለኝም። ዓይኔን ስገልጥ ሐኪሙ ከፊቴ የለም፤ በስተግራ ካለው መስኮት ጋር ተፋጥጫለሁ። አስካለ ሳቀች። ሐኪሙ ጻፈ። እኔ በመስኮቱ ውስጥ የጓሳን ጠማማ መስመር አየሁት።

ያስረዳኝ እንዲህ ነው። በጆሮ ውስጥ፣ ከሚሰማው ክፍል አጠገብ፣ ውሃ የሞላባቸው ቀጫጭን ቦዮች አሉ። ግንበኛ ግድግዳው እንዳይጋደል የሚያስቀምጠውን ውሃ ልክ ታውቁ የለም? እሱ ዓይነት ነገር ነው። ሰው ቀና ብሎ የሚሄደው በእግሩ ብቻ አይደለም፣ በዚህ ነው። ይህ ውሃ ልክ የሚበላሽበት መንገድ ብዙ ነው አለ። ጉንፋን መሰል በሽታ ያቆስለዋል፣ ውስጡ ያሉት ደቃቅ ጠጠሮች ቦታቸውን ይለቃሉ፣ ውሃው ከልኩ ያልፋል። በርስዎ ግን ሌላ ነገር ጠርጥሬያለሁ አለ። ሰውነት ከውጭ የሚመጣ በሽታን የሚከላከል ዘብ አለው። አንዳንዴ፣ ለምን እንደሆነ በቅጡ ሳይታወቅ፣ ይህ ዘብ የገዛ ቤቱን ሰው ጠላት አድርጎ ያየዋል። መገጣጠሚያን ያጠቃል፣ ዓይንን ያጠቃል፣ አልፎ አልፎም የውስጥ ጆሮን። ግራዬ ብሷል፣ ቀኜም ሳይቀመስ አልቀረም።

ይህን ለመረዳት ትምህርት አላስፈለገኝም። አምና የሺ አዲስ በርኖስ አልብሳኝ ከገበያ ስመለስ የገዛ ውሻዬ ባቴን ነክሶኛል። ውሻው ክፉ አይደለም። ሥራውን ነው የሠራ። ችግሩ ትጋቱ ነው።

«ታዲያ እርግጥ ይኸው ነው?» አልኩት።

«ምናልባት ነው፣ አባቴ» አለኝ። አዎ ወይም አይደለም ብሎ የሚቆርጥ አንድ ምርመራ የለም፤ የዘቡን ቁጣ የሚያበርድ ኪኒን እሰጥዎታለሁ፤ መስማትዎ ከተመለሰና ዙሩ ከቀነሰ ጥርጣሬያችን ይጠነክራል፤ ካልሆነ ሌላ እንፈልጋለን አለ። ይህን ሐኪም ወደድኩት። በዕድሜዬ ያየሁት የተማረ ሰው ሁሉ ያወቀውንም ያላወቀውንም በአንድ ድምፅ ነው የሚናገረው። ይኼኛው ያላወቀውን ለብቻ አስቀመጠልኝ። እኔ ብሆን ዝም ብዬ ያውቀዋል አሰኝ ነበር።

ኪኒኑን በአንድ ጊዜ እንዳላቋርጥ፣ እሱ እያየ ቀስ በቀስ እንደሚቀንሰው አስጠነቀቀኝ። የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ አንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ስሜት ያነቃል፣ ያናግራል አለ። አስካለ ወደ እኔ ዞራ አየችኝና እሱስ አያሰጋንም አለችው።

አሰጋት። በሦስተኛው ቀን አስካለ መሐል ሜዳ ሱቋ ውስጥ አስቀምጣኝ ውሃ ልትቀዳ ሄደች። ስትመለስ ለሁለት ደንበኞቿና ለአንድ መንገደኛ ስለ ገብስ ዘር፣ ስለ በግ እከክ፣ ስለ ጥንት ጫማዬ ስተርክ አገኘችኝ። ቤት ስደርስ የሺን ሰላም አልኳት፤ እሷም በስመአብ ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። አንድ ሌማት ሙሉ በልቼ ገንፎ አስጨመርኩ። ቅቤው ስለጣፈጠኝ አመሰገንኳት። ሠላሳ ዓመት አግብታኝ ምስጋና ሰምታ አታውቅምና ተቀምጣ አለቀሰች። በማግስቱ ግን በዚያው ወሬ ጀመርኩ፣ በሦስተኛው ቀንም። በሳምንቱ ለአስካለ ስልክ ደውላ ምን አለቻት መሰላችሁ? «ልጄ፣ ሰካራሙን መልሽልኝ።»

የሆነ ሆኖ ጆሮዬ ተከፈተ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የግራ ጆሮዬ ቀፎ ጸጥ አለ፣ ጣቶቼ ሟሸሹ፣ ግድግዳው በቦታው መቆም ለመደ። አልፎ አልፎ ብቻ ምድር ትንሽ ታረገርጋለች። ሣሩ ሊፈቀድም ጥቂት ቀን ቀረው። አሁን የማላመካኝበት ነገር አልነበረም። ሐኪሙ ቤት መስኮቱን አይቻለሁ። እትዬ አልጣሽ ደግሞ በየዕለቱ በደጄ ያልፋሉ።

እሑድ ቅዳሴ አብቅቶ ሰዉ ከቅጥሩ ሥር ሲሰበሰብ ተነሳሁ። «መስመሩ ጠማማ ነው፣ ተሳስቻለሁ» ብዬ ለመቀመጥ ነበር ሐሳቤ። ኪኒኑ ግን አላስቀመጠኝም። ስለ ቦዮቹ ተናገርኩ፣ ስለ ውሃ ልኩ፣ ስለ ዘቡ፣ ውሻዬ ስለ ነከሰኝ ባቴ፣ ባቴን ገልጬ አሳየሁ፣ ስለ ጭላዳው ከንፈር፣ ስላቀፍኩት ጅብራ። ሰዉ የሰማውን ትቶ አፌን ነበር የሚያየው፤ ድንጋይ ሲናገር ያየ ይመስላል። በመጨረሻ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ተቀመጥኩ።

ከዚያ እትዬ አልጣሽ ተነሱ።

«እኔ ኩበት ስለቅም ከላይ ሆኜ አይቼሃለሁ፣ ሸንቁጤ» አሉ። «ስትታጠፍ አይቻለሁ። ለሸንቁጤ ግራና ቀኝ የማሳየው እኔ ማን ነኝ ብዬ ኩበቴን ለቀምኩ።»

ይኸን ጊዜ አንዱ እኔም አይቻለሁ አለ። ሌላው እኔማ ችካሉን ስተክል እየሳቅሁ ነበር አለ። አርባውም አይተዋል። አርባውም ሌላው ይናገር ብለው ጠብቀዋል። ጅብራው እኔ ብቻ ከመሰልኳችሁ፣ ያን ቀን ጓሳ ላይ ከአርባ በላይ ጅብራ ሲራመድ ነበር።

ነገሩ ከዚያ ወደ ውቤ ዞረ። የኛ ቀዬ ሰዎች እሱን ማንቋሸሽ ጀመሩ፦ አስተካካይ ነህ፣ ሣሩ ወደ እናንተ ሲመጣ አይተህ ነው ዝም ያልክ፣ እንዲህ ያለ ዓይን ይጥፋ አሉት። ውቤ ለወትሮው አንድ ስድብ በሦስት የሚመልስ ሰው ነው። በዚያ ቀን ግን ኮፍያውን አውልቆ አገላበጠና፣ እኔ የማየው የሂያጁን ጀርባ ነው፣ የሸንቁጤ ጀርባ ቀጥ ብሎ ነበር አለ። ማንም አላመነውም። እኔም አላመንኩትም።

ከዚያ ገመድ ይዘርጋ የሚል ሐሳብ መጣ። ጥሩ ሐሳብ ነው ተባለ፤ ለምን እስከዛሬ አልመጣም ተባለ። ቀጥሎ የገመዱን ጫፍ ማን ይይዛል ተባለ። ጸሐይዋ እስክታዘቀዝቅ እሱን ተከራከርን። በመጨረሻ እትዬ አልጣሽ፣ ገመድ ያዡ ጆሮው ደህና ቢሆን ልቡን ማን መረመረው፣ የሸንቁጤ ስሕተት ቢያንስ ለማንም አላደላም፣ የገዛ ቀዬውን ነው ያስራበ አሉ። ስለዚህ ራሱ ነቅሎ ራሱ ይሂድ ተባለ። አንድ ደንብ ግን ተጨመረ፦ ምድር ስትዞርበት ይናገር፤ ሲታጠፍ ያየም ይናገር።

ማክሰኞ ችካሎቹን ነቀልኩና ከነጩ ድንጋይ ተነሳሁ። ደህና ሄድኩ። ሽማግሌው ጅብራ ፊት ለፊቴ ነው፣ ውቤ ከኋላዬ ነው፣ ሰዉ ሁሉ ይከተላል፤ እትዬ አልጣሽም ሴት በመስመር አትሄድም ቢባሉ ጣሪያዬ ነው የሚሄደው ብለው ከጎን ጎናችን ይመጣሉ። ሁለት ሦስተኛውን እንደጨረስን ምድር ታረገርግ ጀመር። ብዙ አይደለም። ጥርሴን ብነክስ የምደርስ መሰለኝ። ልብ አድርጉ፣ ለስንት ቀን ስለ ዝንብም ስለ ቅቤም የለፈለፍኩ ሰው ነኝ፤ ይህችን አንዲት ቃል ግን ኪኒኑም አልገፋልኝም። ሦስት እርምጃ ዋጥኳት። በአራተኛው የእትዬ አልጣሽን እግር አየሁ፤ ባዶ እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው፣ ብወድቅ ሊይዙኝ፣ ከኔ እኩል ይራመዳሉ። ምን ሊይዙኝ ይችላሉ፣ እኔ የሳቸውን ሁለት እጥፍ ነኝ።

«አዞረኝ» አልኩ።

ሁሉም ቆመ። የወደቀ ነገር አልነበረም። ጓሳም በቦታው ነበር። እትዬ አልጣሽ አለንጋ የመሰለ እግራቸውን አጥፈው ሣሩ ላይ ተቀመጡ፣ እኔም ተቀመጥኩ፣ አርባውም ተቀመጠ። ቆሎ ከየኪሱ ወጣ። የአንድ ሰው ጆሮ እስኪረጋ ሁለት ቀዬ ቆሎ ሲቆረጥም አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ውቤ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ተቀመጠ። ቆሎውን በመዳፉ ሲያንከባልል ቆየና በቀስታ፣ በጤነኛው ጆሮዬ በኩል፣ ለኔ ብቻ የተናገረ መስሎት እንጂ ሰዉ ሁሉ እየሰማ፣ እንዲህ አለኝ፦

«ያ ሽማግሌው ጅብራ የምትሉት… አሁንም አለ?»

«ፊት ለፊታችን አይደል እንዴ?» አልኩት።

«እኔ ካየሁት ቆይቷል። ከጀርባህ ወዲያ አንዱም አይታየኝም። አንድ ዓይኔን የምጨፍነው አባቴ ይጨፍን ስለነበር ነው። ሁለቱንም ብከፍተው ያው ነው።»

የሳቀ አልነበረም፤ ማለት መጀመሪያ። ከዚያ እትዬ አልጣሽ ቆሎው ትን አላቸው፣ ሰዉም ጀርባቸውን ሊመታ ተነስቶ በዚያው በሳቅ ፈረሰ። ውቤን ሌባ ያለው ሁሉ አንገቱን ደፋ፤ እኔም አንዱ ነኝ። ሳቁ ሲበርድ አንደኛው ጉልበቱ ችካል ለመትከል እንደማይታጠፍለት፣ ሌላው ሲቆጥር ከሃያ በላይ እንደሚጠፋበት ይናገር ጀመር። በዚያች ሣር ላይ ያልታመመ ሰው አልነበረም። ባለፉት ዓመታት ያወጣናቸው መስመሮች በምን ተአምር ቀጥ እንዳሉ፣ ካሉ ማለት ነው፣ የጠየቀ ግን የለም። አንዳንድ ነገር ሲነቀል ጣሪያውም አብሮ ይነቀላል።

ተነስተን ጨረስን። የማጭዱ ሆድ ወደ ላይ ቀዬ ተመለሰ፣ እትዬ አልጣሽም ሣራቸውን አጭደው ቤታቸውን ከደኑ። ውቤን አስካለ ለዓይኑ መነጽር እንዲያሠራ ቀጥራዋለች፤ እኔም ወደ ሐኪሙ ተመልሼ ኪኒኑን አንድ ደረጃ ቀንሶልኛል፣ ገና ነው፣ እናያለን ብሏል። ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ መስመሩን ሦስት ሆነን እንድንሄድ ተወስኗል። እግሩ የኔ ነው፣ አፉ የውቤ ነው፣ ዓይኑ የእትዬ አልጣሽ ነው። ሦስታችን ስንደመር አንድ ጤነኛ ሰው ይወጣናል።